እታለማሁ ያልፈተለችው ጋቢ

እታለማሁን የማያውቅ ሐበሻ ቴክሳስ፣ ሌዊስቪል ውስጥ ካለ፣ ወይ ትናንት ገብቷል፣ ወይ በሩን ዘግቶ ነው የሚኖረው። ረዥም ናት። ስትራመድ ከፊቷ ያለ ሰው ሳትጠይቀው መንገድ ይለቅላታል። አዲስ አበባ ቴሌ ውስጥ ኦፕሬተር ነበረች፤ ዛሬም ስልክ ስታነሳ "አቤት፣ ማንን ፈለጉ?" የምትለው ሚኒስትር ከሚኒስትር ልታገናኝ እንደተቀመጠች ነው። ሐኪም ፊት እንኳ ጉልበቴን አመመኝ አትልም፤ "ጉልበቴ ቅሬታ አለው" ትላለች። የልብ ጓደኛዬ ናት። ስለዚህ ጉዷን እኔ ባወራ ያምርብኛል፤ ብትቀየመኝም በኔ መቀየም የቆየ ልማዷ ነው።

እኔ ሰኪና ነኝ። የኮምቦልቻ ልጅ፣ የካሮልተን ነዋሪ፣ የጨርቅ ነጋዴ። ሱቅ የለኝም፤ ሱቄ የአፓርትመንቴ የልብስ ክሎዜት ነው። ጋቢ ያለው እዚያ ነው፣ ነጠላ ያለው እዚያ ነው፣ የኔ ቀሚሶች ግን ቦታ አጥተው መታጠቢያ ቤት በር ላይ ተንጠልጥለው ይኖራሉ። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ሻንጣው ውስጥ ክፍት ቦታ ካለው ያ ቦታ የኔ ነው።

ከእታለማሁ ጋር የተዋወቅነው ሌዊስቪል አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን ሳጥን ስናሽግ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ሱፐርቫይዘሩን ጠርታ "ወንበር" አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ልጁ ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየ፣ ሄደ፣ ወንበር ይዞ መጣ። እዚያ ቤት ቁጭ ብሎ ሳጥን ያሸገ ሰው ከሷ በፊትም ከሷ በኋላም የለም። እኔ ያን ጊዜ ነው የወደድኳት።

እንግዲህ ይቺ ሴትዮ በሕይወቷ ፈርታ ያየኋት አንድ ጊዜ ነው፤ ልጇ ሊዮል ሊያገባ ሲል። ሙሽራዋ የትምወርቅ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ፋርማሲስት፣ በአያቷ ስም የተጠራች ልጅ ናት። ጓደኞቿ የቲ ይሏታል። ቁጥብ ናት፣ አመለ ሸጋ ናት፣ ሁሉ ነገር አላት። እታለማሁን ያስጨነቃትም ይኸው ነው።

"ሰኪና፣ ይቺ ልጅ ምንም አልጎደላትም" አለችኝ ክሎዜቴ ፊት ቆማ። "ምን ሰጥቼ ነው ልቧ የምገባው?"

ካለኝ ሁሉ ምርጡን አወጣሁላት። ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ጥለቱ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ። እንዲህ ያለ ጋቢ በእጄ የሚገባው አልፎ አልፎ ነው፤ ለራሴ ላስቀረው አስቤም ነበር። ደረቷ ላይ አድርጋ ስትዳብሰው ቆየችና ይዛው ሄደች።

ሰርጉ ላይ ሙሽሮቹ እየተመረቁ ሳለ ተነስታ ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ደረበችላቸው። አንድ ልጅ ማይክራፎን አቀበላት። ጥፋቱ የማይክራፎኑ ነው እላለሁ። ኦፕሬተር የነበረች ሴት ማይክራፎን ስትይዝ ዝም ማለት አትችልም።

"ይህ ጋቢ" አለች፣ "ለልጄ ሚስት ብዬ አምስት ዓመት ሙሉ በገዛ እጄ ፈትዬ ያሠራሁት ነው!"

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሙሽራዋ አለቀሰች። የሙሽራዋ እናት አለቀሱ። እኔ የእስላም ምግብ ተብሎ ለብቻው ከተሰናዳው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ የጎረስኩት ጥብስ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። አምስት ዓመት! ከክሎዜቴ ከወጣ ገና ሳምንቱ ነው!

ለነገሩ አልተገረምኩም። ከገበያ የተገዛ ጋቢ ጨርቅ ነው፤ እናት የፈተለችው ጋቢ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ቴክሳስ ውስጥ "እናቴ የፈተለችልኝ" ከሚባለው ጋቢ ግማሹ ከኔ ክሎዜት የወጣ ነው። እናቶቹ ይዋሻሉ፣ ልጆቹ ይሞቃቸዋል፣ እኔ አፌን እዘጋለሁ። እስከዚያ ድረስ ማንም ተጎድቶ አያውቅም ነበር።

የቲ ግን እንደሌሎቹ ልጆች ለብሳው አልተኛችም። ሳክሲ ከተማ ያለው አዲሱ ቤታቸው ስገባ ምን አየሁ? ጋቢው ሳሎን ግድግዳ ላይ በትልቅ መስታወት ተዘግቶ፣ ከላዩ ትንሽ መብራት በርቶለት ተሰቅሏል። ከሥሩ ያለው ሶፋ ላይ ሰው ጮክ ብሎ አያወራም። እታለማሁን ቀና ብዬ አየኋት። ጣሪያውን ታያለች።

በዚያው ሦስት ዓመት አለፈ። ከዚያ የእታለማሁ ልደት ቀን ደረሰ፣ የቲ ቤት እራት ተጠራን። ኬኩ ተቆርሶ ሳያልቅ የቲ እጇን እያፍተለተለች ተነሳች።

"እማማ፣ ሰርፕራይዝ አለኝ" አለች። "ሶ... አንድ ሚውዚየም አለ። የድሮ የጥጥ ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካው፣ የወርከሮቹ ቤት፣ ሁሉም ሚውዚየም ሆኗል። አሁን የኢሚግራንት ፋሚሊዎችን ልብስ ዲስፕሌይ እያደረጉ ነው። አፕላይ አደረግኩ፣ ጋቢውን አክሴፕት አደረጉት! ኤንድ... እማማ ደግሞ ቅዳሜ ሰው ፊት ላይቭ ይፈትላሉ!"

ሊዮል አጨበጨበ። እታለማሁ ፈገግ አለች። ከጠረጴዛው ሥር ግን እግሬን የረገጠችኝ ጫማዬን አልፎ እስኪሰማኝ ነው።

በነጋታው ካሮልተን እኔ ቤት መጣች። ቁጭ ሳትል "እንዝርት አለሽ?" አለች። እንዝርትስ አለኝ፤ ለቤት ጌጥ የሚገዙ ሰዎች አሉ። "መፍተል ታውቂያለሽ?" አለች። አላውቅም። እኔ ገዝቼ እሸጣለሁ፤ እናቴም ገዝታ ትሸጥ ነበር። ልጄ ጁወይሪያ የኮሌጅ ተማሪ ናት፤ ጉዱን ስትሰማ ከሶፋው ላይ በሳቅ ወደቀች።

ጥጥ ከየት ይምጣ? አሜሪካኖች ጥጥ ከነግንዱ የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ከተው ሳሎናቸውን እንደሚያስጌጡበት ትዝ አለኝ። የጌጣጌጥ ሱቅ ሄጄ አንድ እቅፍ ይዤ መጣሁ። ለካስ ጥጡ ከግንዱ ጋር በሙጫ ነው የተያያዘው። በመቀስ ቆረጥነው፣ በጣታችን ለቀምነው፣ እታለማሁ በጸጉሬ ማበጠሪያ አበጠረችው። ባዘቶ አይሉት ምን አይሉት የሆነ ነገር ወጣ።

ጁወይሪያ ቪዲዮ ከፈተችልን። የሚያስተምረው አንድ ፂሙ ደረቱ የደረሰ ፈረንጅ ነው። እሱ እንዝርቱን ሲያሾረው ክሩ ከጣቱ እየወጣ ይወርዳል። የኛ መጀመሪያ ጅማት አከለ፣ ቀጥሎ ተበጠሰ፣ ቀጥሎ እንዝርቱ ከእጇ አምልጦ ፍሪጁ ሥር ገባ። እታለማሁ ስክሪኑን እያየች "ይሄ ሰውዬ ሥራ የለውም?" አለች።

"እማማ እታለማሁ፣ ጀስት እውነቱን ይንገሯት" አለች ጁወይሪያ። "የቲ እኮ ቺል ናት፣ አትቆጣም።"

"ዝም በይ! አንቺ አማት ሆነሽ ታውቂያለሽ?"

"ኖ።"

"እንግዲያው እንዝርቴን አውጪልኝ።"

ይሄኔ ቀልዱ ቀረ። እንዝርቱን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና ቀስ ብላ "ሰኪና፣ ልጅቷ እናቴ ብላ የያዘችኝ በዚህ ጋቢ ነው" አለችኝ። "እሱ ከሄደ ምን ይቀረኛል? ተራ የሊዮል እናት ነው የምሆነው።" እንደዚያ ቀን አንጀቴን በልታኝ አታውቅም። ስለዚህ አንድ መላ አቀበልኳት፤ "እጄን ወለም አለኝ በይ፣ ትንሽ ፋሻ እሰሪበት፣ በቃ።"

ትንሽ ፋሻ ነው ያልኩት። ቅዳሜ ጠዋት ከሊዮል መኪና ስትወርድ ቀኝ እጇ ከጣቶቿ ጀምሮ እስከ ክርኗ ተጠቅልሏል። ሊዮል "ኢአር፣ ድንገተኛ ክፍል እንሂድ" እያለ መንገዱን ሁሉ ሲለምናት ነው የመጣው። "ምን ሆንሽ ልበል?" አልኳት በጆሮዋ። "ወለም ነው ያልኩሽ እንጂ ተቆረጠ ብያለሁ?"

የሚውዚየሙ ሰፈር ከዳላስ በስተሰሜን ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ዳር ነው። ቀይ የሸክላ ሕንጻው ረዥም፣ መስኮቱ ተቆጥሮ አያልቅም፤ ከላዩ ጭስ የረሳ ጭስ ማውጫ ቆሟል። ግማሹ አፓርትመንት ሆኗል፣ ግማሹ የሰርግ አዳራሽ፣ አንዱ ጥግ ቢራ ይጠመቅበታል። ከመንገዱ ማዶ የሠራተኞቹ ቤቶች በሰልፍ ቆመዋል፤ ከነሱ አንዱን እንደ ድሮው አሰናድተው ሚውዚየም አድርገውታል። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ዘጠኝ ሰው ይኖርበት ነበር ተባለ። እታለማሁ አንገቷን አስግጋ አየችና "ዛሬ ቢሆን ስቱዲዮ ብለው ያከራዩት ነበር" አለች።

የምታስጎበኘን ዳርሊን የምትባል ጸጉሯ የሸበተ ሴትዮ ናት። ወደ ዋናው ሕንጻ ወሰደችንና አንዱን የሽመና ማሽን አስነሳችው። ወላሂ ጆሮዬ ሊጠፋ ነበር። አንድ ማሽን ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ በዚያን ጊዜ አዳራሹ ሙሉ ነበር አለችን። ሠራተኞቹ በከንፈር ንባብ ነበር የሚያወሩት። እታለማሁ ሰማችና "ቴሌም እንዲሁ ነበር፣ ያውም ያለ ማሽን" አለች። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

ከዚያ ፎቶዎቹ ያሉበት ግድግዳ ጋ ደረስን። ልጃገረዶች ከመፍተያ ማሽኖች ፊት ተደርድረዋል። አንዳንዶቹ ለመድረስ ሳጥን ላይ ቆመዋል። ዳርሊን አንዷን በጣቷ ነካችና ይቺ አያቴ ናት አለች። ከትምህርት ቤት አውጥተው ነው እዚህ ያስገቧት፤ እስክትሞት ድረስ ስሟን መጻፍ አልቻለችም። የቲ ይህን ለእታለማሁ በሹክሹክታ ተረጎመችላት። መተርጎም አያስፈልግም ነበር፤ እታለማሁ እንግሊዝኛ ስትፈልግ ትሰማለች። ፎቶው ፊት ቆማ ቀረች። ሁለት ጊዜ ጠራኋት፣ አልሰማችኝም።

የኛ ነገር የተዘጋጀው መጨረሻ ላይ ነው። ወንበር ተደርድሯል፣ ሰው ተቀምጧል፣ ጋቢው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተዘርግቷል። ከጎኑ ጽሑፍ አለ፤ እታለማሁ ለልጇ ሚስት አምስት ዓመት በእጇ የፈተለችው ይላል። ከፊት አንድ በርጩማ፣ አንድ እንዝርት፣ አንድ ቅርጫት እውነተኛ ባዘቶ። እታለማሁ ፋሻዋን ከፍ አድርጋ አሳየች። ሕዝቡ በሐዘኔታ "ኦው" አለ፣ ዳርሊን "አይዞሽ" ብላ አቀፈቻት፣ ነገሩ አለቀ። ተረፍን ብዬ ወንበሬ ላይ ተደላደልኩ።

ግን የቲ ማይክራፎኑን ያዘች። በዚህ ቤተሰብ ማይክራፎን የሚባል ነገር መታገድ አለበት።

"ኦኬ፣ መፍተል ባይችሉም ስቶሪያቸውን እኔ እነግራችኋለሁ" አለች በእንግሊዝኛ። ከዚያ ጀመረች። አማቷ ዌርሃውስ ውለው፣ ቆመው ደክሟቸው ገብተው፣ ሲመሽ ቁጭ ብለው እየፈተሉ፣ ገና ለማያውቋት ልጅ ብለው... "እኔ ወደፊት ለሚወለዱ ልጆቼ እንዲህ መሆን የምችል አይመስለኝም" አለች። "እንደሳቸው ለመሆን ሞክሬያለሁ። አልችልም።"

ዞር ብዬ እታለማሁን አየሁ። ፋሻዋን እየፈታች ነው። ፋሻው ደግሞ አያልቅም! ትጠቀልላለች፣ ትጠቀልላለች፣ ሕዝቡ ያያል፣ ከፊት የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ጫፉን ይዞ አገዛት። በመጨረሻ ጤነኛ እጇ ብቅ አለ። ተነስታ ቆመች።

"ሰኪና፣ ነይ ተርጉሚ" አለች። "ይህን ጋቢ የፈተልኩት እኔ አይደለሁም።"

እኔ ለሕዝቡ ፈገግ ብዬ "ሁላችሁም ስለመጣችሁ በጣም ደስ ብሏታል ትላለች" አልኩ።

"አንቺ! ስንት ዓመት መስመር ሳገናኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ መስመር ስታዛንፊ አይጠፋኝም! ያልኩትን በይ!"

ምን ላድርግ። አልኩት። አልፈተለችውም፣ ከኔ ገዝታ ነው፣ አልኩ። የቲ ማይክራፎኑን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማለች።

"እናቴ ፈታይ ነበረች" አለች እታለማሁ፤ አሁን እሷ እያለች እኔ እከተላለሁ። "ክር ሸጣ ነው ያስተማረችኝ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቼ እንዝርቷን አነሳሁ። እጄን መታችኝ። መትታኝ አታውቅም ነበር። 'ይሄን እኔ የያዝኩት አንቺ እንዳትይዢው ነው' አለችኝ። ስለዚህ አልችልም። መፍተል አልችልም። ለሰው ደግሞ ከሱቅ ገዛሁ ማለት አፈርኩ። እዚያ ፎቶ ላይ ያሉትን ልጆች ካየሁ ወዲህ ግን የበለጠ የማፍረው በዋሸሁት ነው።"

የመጨረሻውንም እንዳለችው ተረጎምኩ። ዳርሊን ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። የቲ ግን ማይክራፎኑን ወንበር ላይ አስቀምጣ በጎን በር ወጣች።

እታለማሁ እዚያው በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። እንደዚያ ትንሽ ሆና አይቻት አላውቅም። ሊዮል ሚስቱን ይከተል ወይስ እናቱን ይያዝ ግራ ገብቶት በሩ መሐል ቆመ። ዳርሊን ቀስ ብላ መጣችና ጽሑፉን ከመስታወቱ ላይ ልጣ "ታዲያ ማን ፈተለው?" አለችኝ። እኔ ስለ ጨርቅ የማላውቀው የለም፤ ጥለቱን አይቼ የሸመነውን ሰፈር እናገራለሁ። የፈተለችውን ሴት ስም ግን አላውቅም። አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። "አላውቃትም" አልኩ፣ ከዚያ ፊቴ ሲግል ጊዜ "የሻጯን ስም ከፈለግሽ ግን ስልክ ቁጥር ጭምር አለኝ" አልኩ። ዳርሊን አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም።

"ተነሽ" አልኳት እታለማሁን። "ተቀምጦ ማልቀስ የትም አያደርስም።"

የቲን ያገኘናት ፓርኪንጉ ጋ፣ ጭስ ማውጫው ጥላ ሥር ነው። ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እታለማሁ ጠጋ አለችና ሳትነካት ቆመች።

"ልጄ፣ ብትቆጪ አልፈርድብሽም" አለች። "ጋቢውንም ከጠላሽው ጣይው። እኔን ግን..." ሳትጨርሰው ቀረች።

የቲ ዞረች። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ ስትስቅ ነው። ሳቅም አይደለም፣ ሁለቱም ነው።

"እማማ፣ እኔ እኮ እርስዎን በጣም ነበር የምፈራዎት!" አለች። "ያ ጋቢ ሳሎን ውስጥ ያየኛል። ሽሮ ሲያርብኝ ያየኛል። ደክሞኝ ፒዛ ኦርደር ሳደርግ ያየኛል። ማለቴ፣ እሳቸው ፋይቭ ይርስ ፈትለዋል፣ እኔ ኢቨን ላውንድሪ አልጨርስም! እርስዎ ይመጣሉ ሲባል ሆዴን ያመኛል። ሲሪየስሊ፣ መድኃኒት እወስድ ነበር።"

"እኔን ፈርተሽ?" አለች እታለማሁ።

"በጣም!"

"እኔ ደግሞ አንቺን ፈርቼ እኮ ነው የዋሸሁት!"

ተያዩ። ማን ቀድሞ ማን እንዳቀፈ አላየሁም፤ እኔ ራሴ ዓይኔን እየጠረግኩ ነበር። ሊዮል ከኋላዬ መጥቶ "ዋት ሃፕንድ?" አለ። "ምንም፣ መኪናህን አስነሳ" አልኩት።

የቲ አማቷ ፊት በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ጠገብኩ፣ ደህና ነኝ ከማለት በቀር ምንም ተናግራ አታውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ እታለማሁ ቤት ስትመጣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ የቀረበላትን በጥፍሯ ቆንጥራ ነው የምትመለሰው። ያን ቀን ግን መኪናው ገና ከፓርኪንጉ ሳይወጣ አማቷ ትከሻ ላይ ደገፍ አለችና፣

"እማማ" አለች፣ "እርቦኛል።"